ገዢው ዳኛ የሆነበት ጠገራ ብር

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ቡታጅራ አያቴ ቤት ነበርኩ፡፡ አያቴ ከሳጥኗ ሥር በጨርቅ ቋጥራ ያኖረቻቸው ሦስት ጠገራ ብሮች አሏት፡፡ አንዱ ጆሮ ተበይዶለት በፊት ለአንገት ጌጥ ይሆን የነበረ ነው፡፡ ሁለተኛው በጭስና በዕድሜ ጠቁሯል፡፡ ሦስተኛው ግን ዘንድሮ ሳየው እንደ መስታወት ያበራል፡፡ "ይሄ ደግሞ ምን ነካው?" ብዬ ስጠይቅ አጎቴ በኩራት "በአመድና በሎሚ ፈግፍጌ ያጠራሁት እኔ ነኝ፡፡ ገዢ ሊመጣ ነው" አለኝ፡፡

ገዢውም መጣ፡፡ ሦስቱንም በእጁ ገለባበጠና የሚያበራውን ለብቻው አድርጎ "እማማ፣ ይሄኛው ጥሩ ነው፤ ሁለቱ ግን ሞተዋል" አለ፡፡ ሚዛን አላወጣም፤ አጉሊ መነጽር አላወጣም፡፡ ለሚያበራው ጨመር፣ ለሁለቱ ቀነስ አድርጎ ዋጋ ጠራ፡፡ አያቴ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና "ምናቸው ነው የሞተው ልጄ?" አለችው፡፡ መልስ አልነበረውም፡፡ "እንዲያው ነዋ እማማ፣ ገበያው ነው" አለ፡፡ እሷም ሦስቱንም መልሳ ቋጠረቻቸው፡፡

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የአያቴ ጥያቄ ነው፡፡ እንደ እኔ እምነት ጥያቄው ስለ ሦስት ብር ብቻ አይደለም፡፡ አንድ ሰው የሌላውን ንብረት "ጥሩ" ወይም "ሙት" ብሎ ሲፈርጅ ምክንያቱን መናገር አለበት ወይስ የለበትም? ፈራጁና ገዢው አንድ ሰው ከሆነስ?

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ጥቂት ልበል፡፡ ጠገራ የምንለው ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው፡፡ ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ቁጥር እንደያዘ ቀጥሏል፡፡ በቪየና ብቻ ሳይሆን በተለያየ ዘመን በፕራግ፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይም ተመትቷል፡፡ ኢጣሊያ ሀገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ መታችው፡፡ ቪየና ዛሬም ለሰብሳቢዎች ትመታዋለች፡፡ እስካሁን የተመታው በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል፡፡

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ፡፡ በብሩ ላይ 1780 ስለተጻፈ ብቻ ብሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አለው ማለት አይቻልም፡፡ ሻጩም "ጥንታዊ ነው" ብሎ ዋጋ ሲሰቅል፣ ገዢውም ቁጥሩን አይቶ ሲደነቅ ሁለቱም ይሳሳታሉ፡፡ ዕድሜው የሚታወቀው በሌሎች ጥቃቅን ምልክቶች ነው፡፡ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ስንት ሉል አለው? በጀርባው ያለው ንስር የጅራቱ ላባ እንዴት ነው? በጠርዙ ዙሪያ የተቀረጸው ጽሑፍና ሐረግ ምን ይመስላል? አዋቂዎች ቪየናን ከሮም፣ ሮምን ከቦምቤይ የሚለዩት በእነዚህ ነው፡፡

የሚገርመው ደግሞ አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ከዛሬው ገዢ የበለጡ ዳኞች ነበሩ፡፡ በኢትዮጵያ ገበያ ጠገራ ብር ዝም ተብሎ አይወሰድም ነበር፡፡ ሉሎቹ ይቆጠራሉ፤ ከመልኳ ሥር ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መኖራቸው ይታያል፤ ፊቷ የተፋቀ ከሆነ ይመለሳል፡፡ ምኒልክ የራሳቸውን መልክና አንበሳ ያለበትን ብር ፓሪስ አስመትተው የ1887 ዓ.ም. ቁጥር ይዞ ሲመጣ እንኳ ሕዝቡ በቀላሉ አልተቀበለውም፤ የለመደውን ጠገራ መረጠ፡፡ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ጠገራ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ሻጭም ገዢም ዓይኑን፣ ጆሮውንና እጁን ተጠቅሞ ነበር የሚገበያየው፡፡ ምርመራው በአደባባይ፣ በሁለቱም ፊት ነበር፡፡ ዛሬ የቀረን ግን "ያበራል ወይስ አያበራም?" የሚለው ብቻ ነው፡፡

ታዲያ ማብረቅ ምንድን ነው? ጉዳዩን ሳነብ የተረዳሁት፣ የብር ገንዘብ እንደ መስታወት የሚያበራው በሦስት ምክንያት እንደሆነ ነው፡፡

አንደኛው ከመጀመሪያውም እንዲያበራ ተብሎ ሲሠራ ነው፡፡ ሰብሳቢዎች "ፕሩፍ" ይሉታል፡፡ የሚመታበት የብረት ማኅተምም፣ የሚመታው ብርም አስቀድመው ይወለወላሉ፤ ከዚያም ከአንድ ጊዜ በላይ በኃይል ይመታል፡፡ ሜዳው መስታወት ይሆናል፤ ምስሉ ብዙውን ጊዜ እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ከሜዳው ይለያል፡፡ ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፡፡ በ1964 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ፣ የአፄ ዮሐንስ፣ የአፄ ምኒልክና የንግሥት ዘውዲቱ መልክ ያለባቸው የብር ገንዘቦች በዚህ አሠራር ወጥተዋል፡፡ በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ መታሰቢያ የወጣው፣ የደጋ አጋዘን ምስል ያለበት ባለ 25 ብሩም በተራ አመታትም በፕሩፍም አለ፡፡ እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ፕሩፍ የአሠራር ስም ነው እንጂ የደረጃ ስም አይደለም፡፡ ፕሩፍ ሆኖ የተመታ ገንዘብ በጣት አሻራና በጭረት ተበላሽቶ ዝቅተኛ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል፡፡

ሁለተኛው በአጋጣሚ የሚገኝ ማብረቅ ነው፡፡ ለገበያ የሚመታ ተራ ገንዘብ ማኅተሙ ገና አዲስና የተወለወለ በሆነ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች መስታወት መስለው ይወጣሉ፡፡ ማኅተሙ እያረጀ ሲሄድ ያ መልክ ይጠፋል፡፡ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 በመቱት ሞርጋን በሚባለው የብር ዶላር ላይ ይህን ጉዳይ ትልቅ ሙያ አድርገውታል፡፡ መለኪያቸው ቀላል ነው፡፡ ጽሑፍ ወይም ጣት ከብሩ ፊት ለፊት አድርገው ቀስ በቀስ ያርቁታል፡፡ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ድረስ ምስሉ ጥርት ብሎ ከታየ "መስታወት መሰል" ይባላል፤ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ከታየ "ጥልቅ መስታወት" ነው፡፡ በሁለቱም ፊቱ መሆን አለበት፤ አንዱ ወገን አብርቶ ሌላው ከደበዘዘ አይቆጠርም፡፡

ሦስተኛው የአጎቴ ማብረቅ ነው፡፡ አመድ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አለዚያም የወርቅ ቤት መወልወያ፡፡ ይህ ከገንዘቡ የመጣ ብርሃን ሳይሆን ከገንዘቡ ላይ ቆዳ ተገፍፎ የተገኘ ነው፡፡ የብር መጥቆር ዝገት አይደለም፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ተዋህዶ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው፡፡ ሽፋኑ በእኩል ሲለብሰው ሰብሳቢ የሚወደው፣ ብሩ እንዳልተነካ የሚመሰክር መልክ ይሆናል፡፡ እሱን በአመድ ስንፈገፍግ ከሽፋኑ ጋር ብሩም አብሮ ይሄዳል፡፡ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው፡፡

ሦስቱን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ አምፖልና አንድ አጉሊ መነጽር ይበቃል፡፡ ብሩን ከብርሃኑ ሥር ቀስ እያደረግን እናዟዙረው፡፡ ሲመታ ያበራ ገንዘብ መስታወቱ እስከ ፊደሎቹ እግር ድረስ ይገባል፤ የፊደሎቹም ጠርዝ ስለት አለው፡፡ የተፈገፈገ ገንዘብ ግን ራሱን ያጋልጣል፡፡ ጸጉር የመሰሉ ቀጫጭን ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ከሜዳው ተነስተው በፊደሎቹ ላይ ሳይቀር ያልፋሉ፡፡ በፊደሎቹ መካከል ጣት ስለማይደርስ ጥቁሩ እዚያው ተደብቆ ይቀራል፡፡ ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች፣ ማለትም ጉንጯ፣ ትከሻዋና ሉሎቹ፣ ጠፍጥፈው ከሜዳው ጋር እኩል ያበራሉ፡፡ አጎቴ ያጠራው ብር ላይ ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፡፡

መስታወት ደግሞ ይቅር አይልም፡፡ ደብዛዛ ብር ላይ የማይታይ ጭረት መስታወት ላይ ከሩቅ ይጮሃል፡፡ ስለዚህ ባለ መስታወት ብርን መዳኘት ከተራው ይከብዳል፡፡ ዳኛው ጭረቱ ገንዘቦች በከረጢት ውስጥ ሲጋጩ የመጣ ነው ወይስ በጨርቅ ሲወለወል የመጣ ነው ብሎ መለየት አለበት፡፡ የመጀመሪያው ደረጃ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግን ገንዘቡን ከነጭራሹ ከደረጃ ሊያስወጣው ይችላል፡፡ እኛ ጋ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፡፡ ከደረጃ መውጣት የነበረበት "ጥሩ" ይባላል፤ ጥሩው "ሙት" ይባላል፡፡

ወደ ወልቂጤ ስመለስ አያቴን አስፈቅጄ ሦስቱንም ይዤ መጣሁና አንድ አዛውንት አንጥረኛ ዘንድ ሄድኩ፡፡ ገዢ ስላልሆኑ ነው የመረጥኳቸው፤ "እኔ አልገዛም፣ የምትፈልገውን ጠይቀኝ" አሉኝ፡፡ ጥቁሩን ብር ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ሰሙ፡፡ ሉሎቹን በጥፍራቸው ጫፍ ቆጠሩ፡፡ ከዚያ መዘኑት፤ 28 ግራም ሆነ፡፡ የጠገራ ትክክለኛ ክብደት 28.07 ግራም ገደማ ሲሆን ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ይህም ወደ 23.4 ግራም ይሆናል፡፡ የሚያበራው 27 ግራም ተኩል መዘነ፡፡ ግማሽ ግራሙን ሎሚ በላው አልልም፤ ድሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወርም አልቋል፡፡ ጆሮ ያለው ደግሞ ከ29 ግራም አለፈ፤ ትርፉ ግን ብየዳው ነው፡፡

ፍርዳቸውን ከነምክንያቱ ነገሩኝ፡፡ "ጆሮ ያለውን ለጌጥ የሚፈልግ ይገዛዋል፤ አለዚያ በሚዛን ነው፤ ብየዳው ይቀነሳል፡፡ የሚያበራው ለእኔ በሚዛን ነው፡፡ ጥቁሩ ግን ጠርዙ ሙሉ ነው፣ ሉሉ ሙሉ ነው፣ ማንም አልነካውም፤ እሱን አታቅልጠው፣ አታጥበው" አሉ፡፡ ጥቁሩን እንደ መስታወቱ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ብጠይቃቸው ሳቁ፡፡ "ማጥራትማ ምን ይከብዳል? ያጠራኸውን መልሼ ላጠቁረው ግን አልችልም" አሉኝ፡፡

ገዢው "ሞተዋል" ካላቸው ሁለቱ መካከል አንዱ ከሦስቱ የተሻለው ነበር ማለት ነው፡፡ ገዢው ሳያውቅ ነው ወይስ አውቆ? እኔ አላውቅም፡፡ ማወቅም አያስፈልገኝም፡፡ ምክንያቱም ችግሩ የሰውየው ጠባይ ሳይሆን የአሠራሩ ነው፡፡ ደረጃ የሚሰጠውና ዝቅ ባለ ደረጃ የሚጠቀመው አንድ ሰው እስከሆነ ድረስ ታማኙም ነጋዴ ይጠረጠራል፤ አታላዩም ይደበቃል፡፡

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፡፡ በአሜሪካም ለረጅም ዘመን ነጋዴው ራሱ ነበር ደረጃ የሚሰጠው፤ ሲገዛ ዝቅ፣ ሲሸጥ ከፍ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1949 ሼልደን የሚባል ሰው ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የነጥብ መለኪያ አወጣ፡፡ ነገር ግን ቁጥር መኖሩ ብቻውን ጠቡን አላበረደውም፤ ቁጥሩን የሚጽፈው አሁንም ነጋዴው ነበርና፡፡ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የማይገዙና የማይሸጡ፣ ደረጃ ብቻ ሰጥተው ገንዘቡን በፕላስቲክ የሚያሽጉ ድርጅቶች ሲስፋፉ ነው፡፡ እነሱም ቢሆኑ ፍጹም አይደሉም፡፡ ያው ገንዘብ ከፕላስቲኩ ወጥቶ ሁለተኛ ሲላክ ሌላ ቁጥር ይዞ የሚመለስበት ጊዜ አለ፡፡ ደረጃ የሠለጠነ ዓይን አስተያየት እንጂ እንደ ክብደት የሚመዘን ነገር አይደለም፡፡ አስተያየት ስለሆነም ነው አስተያየት ሰጪው ከጥቅሙ መራቅ ያለበት፡፡

ከእኔ ጋር የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ፡፡ አንድ የክፍል ጓደኛዬ "ገዢው እኮ የመኪናውን ከፍሎ፣ ሐሰተኛ ሊያጋጥመው እንደሚችል እያወቀ ነው ገጠር ድረስ የሚመጣው፤ ማትረፉ ነውር ነው?" ብሎ ተከራክሮኛል፡፡ ነውር አይደለም፡፡ ንግድ ለጉራጌ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከዚህ ተነስቶ መርካቶ የገባ ሰው ልጅ ትርፍን አይኮንንም፡፡ እኔ የምለው ትርፉን በዋጋ ይደራደር እንጂ በፍርድ አያምጣው ነው፡፡ "ጥሩ ነው፤ ግን ከዚህ በላይ አልከፍልም" ማለትና "ሙት ነው" ማለት ይለያያሉ፡፡

ሌላው "ጠገራ ብር እኮ ብዙ ነው፤ ሀብት አይደለም፤ ምን ያስጨንቅሃል?" ይላል፡፡ ይህም እውነትነት አለው፡፡ አብዛኛው ጠገራ ዋጋው ከያዘው ብር ብዙም አይበልጥም፤ ማንም በአንድ ጠገራ ቤት አይሠራም፡፡ የአያቴ ጥቁር ብርም እንዲሁ፡፡ ግን ብዙ መሆኑ ነው ጉዳዩን የሚያከብደው፡፡ በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ ዙሪያ አንድ ሁለት ጠገራ ያላት እናት ብዙ ናት፡፡ በእያንዳንዷ ላይ በግምት የሚቀነሰው ትንሽ ገንዘብ ሲደመር ትንሽ አይደለም፡፡ ደግሞም እነዚህ እናቶች ብሩን የሚያወጡት ሲቸግራቸው ነው፤ ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለለቅሶ፡፡ የቸገረው ሰው "ለምን?" ብሎ ለመጠየቅ ጉልበት የለውም፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? በከተማችን የደረጃ ድርጅት ይከፈት አልልም፤ የሚያስከፍለው ከብሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፡፡ በእጃችን ያለውን ግን እናድርግ፡፡ አንደኛ፣ ማንም ብሩን አይጠብ፣ አይፈግፍግ፡፡ ሁለተኛ፣ ሚዛን በሻጩ ፊት ይውጣ፤ ሚዛን የሌለው ገዢ ይመለስ፡፡ ሦስተኛ፣ ከመሸጥ በፊት የማይገዛ ሰው ይየው፤ አንጥረኛ ይሁን ሌላ አዋቂ፡፡ አራተኛ፣ የእህልና የቡና ዋጋ በሬዲዮ እንደሚነገር ሁሉ የአንድ ግራም ብር ዋጋም ይነገር፡፡ ይህ አራተኛው በቀጥታ እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን ይመለከታል፡፡ የተግባር ልምምድ ስንወጣ ስለ ስብሰባ ዜና ከምንሽቀዳደም የግራም ዋጋ ጠይቀን ብንነግር አንዲት እናት ትጠቀማለች፡፡

መምህሮቻችን በክፍል ውስጥ "ምንጫችሁ ማን ነው? ከነገሩ ምን ይጠቀማል?" እያሉ ያስጨንቁናል፡፡ የዚህን ጥያቄ ትርጉም በደንብ የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን አያቴ ቤት በር ላይ ነው፡፡ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት የጠየቀችው ያንኑ ነው፡፡

ሦስቱን ብሮች ባለፈው ሳምንት መልሼላታለሁ፡፡ አንጥረኛው ያሉትን ስነግራት ጥቁሩን አንስታ አየችውና "እሱን አባትህ ሲወለድ ነው የሰጡኝ" አለች፡፡ ይህን እስከ ዛሬ ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም ነበር፡፡ አጎቴም ሎሚውን ለሻይ እንዲያደርገው ተመክሯል፡፡

ቸር ይግጠመን!